ሰው ሳይማር ስለሚያውቀው ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው የሚያውቀው ሁሉ በዓይኑ ካየው፥ በጆሮው ከሰማው፥ በእጁም ከዳሰሰው ብቻ የተገኘ ነውን? ወይስ ማንም ሳያስተምረው በልቡ የሚያውቀው ነገር አለ? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በሶዶ ገበያ በሚዛኑ ፊት የቆመው ነጋዴ፥ በዳኛ ፊት የሚምለው ምስክር፥ ለፈተና የተቀመጠው ተማሪ ዕለት ዕለት በሥራቸው የሚመልሱት ጥያቄ ነው።

በከተማችን ሁለት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ። አንደኛው ጥቂት መጽሐፍ አንብቦ፥ «ተፈትኖ ካልታየ በቀር ምንም ነገር አልቀበልም፤ መልካምና ክፉ የሚባለውም የአገር ልማድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በበደል ሲያዝ፥ «ይህ ክፉ እንደ ሆነ ማን ነገረኝ? ባልተማርሁት ነገር እንዴት እጠየቃለሁ?» ይላል። የፊተኛው በትዕቢት፥ የኋለኛው በማመካኘት ይናገራል፤ የቆሙበት መሠረት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ካየውና ከተነገረው በቀር ምንም አያውቅም የሚል ነው። መሠረቱ ጽኑ መሆኑንና አለመሆኑን አብረን እንመርምር።

1. በማየትና በመልመድ ስለሚገኝ ዕውቀት

አስቀድመን ለልምድ የሚገባውን ክብር እንስጥ። ከምናውቀው የሚበዛው በልምድ የተገኘ ነው። የወላይታ ገበሬ እንሰቱ መቼ እንደሚደርስ፥ የትኛውም አፈር ለጎደሬ እንደሚስማማ የሚያውቀው ከአባቱ ሰምቶ፥ በእጁም ቆፍሮ ነው። ተቀምጦ በማሰብ ብቻ ይህን ሊያውቅ የሚችል ጠቢብ የለም። ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ዛሬ በዳሞታ ተራራ ላይ ዝናብ መዝነቡን፥ ወደ ገበያም ስንት በሬ እንደ ወጣ በሐሳቡ ሊደርስበት አይችልም፤ ወጥቶ ማየት ወይም ያየውን ሰው መጠየቅ አለበት። ሐኪምም የመድኃኒትን ኃይል የሚያውቀው በሽተኞችን መርምሮ ነው። ስለዚህ ልምድን የሚንቅ ሰው ጠቢብ አይባልም፤ ሰነፍ ነው እንጂ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1690 ዓ.ም. በወጣው ታላቅ መጽሐፉ ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ወሰደው። የሰው አእምሮ ሲወለድ ምንም እንዳልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ነው፥ በላዩም የሚጽፈው ልምድ ነው ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ብዙ እውነት አለበት፤ ብዙ ከንቱ አስተሳሰብንም አስወግዷል። ነገር ግን ወረቀት የተጻፈበትን ይይዛል እንጂ፥ የተጻፈበት ነገር እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ብሎ አይፈርድም። የሰው አእምሮ ግን ይፈርዳል። የሚፈርድበትንስ ሕግ ከወዴት አገኘው?

2. ልምድ ሊሰጠው ስለማይችል ዕውቀት

ሕፃን ቍጥርን ሲማር ጠጠር ወይም የቡና ፍሬ ይሰጡታል። ሁለት ፍሬ አኑሮ ሌላ ሁለት ይጨምርና ቈጥሮ አራት ያገኛል። በዚህ ጊዜ ያስተማሩት ፍሬዎቹ ይመስላሉ። ነገር ግን ነገሩን አንድ ጊዜ ካስተዋለ በኋላ፥ በበጎችና በበሬዎች ወይም በከዋክብት ላይ እንደ ገና ሊፈትነው አይሄድም። ሁለትና ሁለት በሁሉም ዘንድ አራት እንደ ሆነ ያውቃል፤ ያላየውንም ነገር ሁሉ በዚህ ይቈጥራል። አንድ ቀን ሁለትና ሁለት ፍሬ አኑሮ አምስት ቢያገኝ፥ «አንዱን ሳላይ የጨመረ ሰው አለ» ይላል እንጂ «ቍጥር ዋሸ» አይልም። በወላይታ ቋንቋ ሁለትን ናኣ፥ አራትን ኦይዳ ይሉታል፤ በአማርኛም ሌላ ስም አለው። ስሙ በየአገሩ ይለወጣል፤ ነገሩ ግን በየትም አገር አይለወጥም።

ይህን ከሌላ ዕውቀት ጋር አስተያይ። አንድ ሰው ዘመኑን ሁሉ ያያቸው በሬዎች ቀንድ ስለ ነበራቸው፥ «በሬ ሁሉ ቀንድ አለው» ቢል፥ ቀንድ የሌለው አንድ በሬ በታየ ቀን ነገሩ ይፈርሳል። እርሱም ሳያፍር ቃሉን ይለውጣል። ልምድ «እስከ ዛሬ እንዲህ ሆኖ አየሁ» ሊል ይችላል፤ «ሁልጊዜ እንዲህ ሊሆን ግድ ነው» ሊል ግን አይችልም። ሁሉን ያየ ዓይን የለምና። እንግዲህ «ግድ ነው» የሚል ዕውቀት በልባችን ከተገኘ፥ ከዓይናችን የመጣ አይደለም። የፕሩስያው ፈላስፋ ካንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1781 ዓ.ም. አሳትሞ በ1787 ዓ.ም. አሻሽሎ ባወጣው፥ ስለ ንጹሕ አእምሮ ምርመራ በጻፈው መጽሐፍ ያስረዳው ይህን ነው። ዕውቀታችን ከልምድ ጋር ይጀምራል፤ ሁሉ ግን ከልምድ አይመነጭም።

ከእርሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን፥ በአገራችን መጻሕፍት አፍላጦን የሚባለው፥ ሜኖን በሚባል መጽሐፉ አንድ ምሳሌ ጻፈ። ሶቅራጥስ የመሬትን ስፍር ያልተማረ አንድ ባሪያ ልጅ አስጠርቶ፥ እያንዳንዱ ጎኑ 2 ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን በመሬት ላይ ሣለለት፤ ስፋቱም 4 ሆነ። ከዚያም የዚህን እጥፍ፥ ማለት ስፋቱ 8 የሆነውን አራት ማዕዘን እንዲፈልግ ጠየቀው። ልጁ አስቀድሞ ጎኑን 4 ቢያደርገው 16 ሆነ፤ ቀጥሎ 3 ቢያደርገው 9 ሆነ። በመጨረሻ ግን ሶቅራጥስ በጥያቄ እየመራው፥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚሰመረው መስመር ላይ የሚቆመው አራት ማዕዘን የፊተኛው እጥፍ እንደ ሆነ አስተዋለ።

«ሶቅራጥስ መርቶታል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። መምህር ጣቱን ወደ ነገሩ ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን «አዎን፥ እንዲህ ሊሆን ግድ ነው» የሚለውን ማስተዋል አንሥቶ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ሊያኖረው አይችልም። ፕላቶን ነፍስ ከመወለድዋ በፊት ያወቀችውን ታስታውሳለች ብሎ ተረጐመው። እኛ ይህን አንቀበልም፤ እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ሲፈጥር የሚያስተውል አእምሮ ሰጠው ብለን እናምናለን እንጂ። ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ አንድ ነገር ልብ አድርግ። ያ ልጅ ባሪያ ነበር፤ በቤቱ ጌታ ልብ ያለው ያው የማስተዋል ብርሃን በእርሱ ልብ ተገኘ። ይህን ያዝ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

3. መልካምና ክፉ በልማድ ብቻ እንዳይደለ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቍጥርና ስለ ስፍር ነው። ስለ ጽድቅና ስለ ዐመፅስ? የከተማችን ተማሪ፥ «ቍጥር ይሁን፤ መልካምና ክፉ ግን የአባቶች ልማድ ነው» ይላል። እንግዲህ ልማድን ራሱን ወደ ፍርድ እናቅርበው።

በወላይታ ምድር ለብዙ ዘመን ሸክላ የሚሠሩት፥ ቆዳ የሚያለፉት፥ ብረትም የሚቀጠቅጡት ወገኖች ተለይተው ይናቁ ነበር፤ አብሮአቸው መብላት፥ ከእነርሱም ጋር መጋባት ነውር ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ከሰው ልብ ፈጽሞ አልጠፋም። ሰው ሴቲቱ የሠራችውን ድስት ወደ ቤቱ ያስገባል፤ ሠሪዋን ግን ከደጁ ያቆማታል። ደግሞም በወላይታ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ አገር ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ ዓይኑ ያየው፥ ጆሮውም የሰማው ይህን ነው። አባቱ፥ እናቱ፥ ጎረቤቱም ሽማግሌውም አንድ ቃል ሆነው አስተማሩት። ልምድ የጽድቅ መምህር ቢሆን ኖሮ፥ ይህ ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ባላገኘ ነበር፤ ልማዱንም «በደል ነው» ሊለው የሚችል ሰው ባልተገኘ ነበር። ልማድ በገዛ ራሱ ላይ አይፈርድምና።

ነገር ግን «በደል ነው» የሚል ሰው ተገኘ። ደግሞም የሚንቀው ሰው ራሱ ይህን ያውቃል። ማወቁንም በዚህ ፈትነው፤ ይኸው ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ስለ አነጋገሩ ወይም ስለ ወገኑ ቢሰደብ፥ መቀመጫም ቢከለከል፥ ያን ጊዜ መምህር ሳይጠብቅ «ይህ ግፍ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ከወዴት ተማረው? ማንም አላስተማረውም። በሌላው ላይ ሲያደርገው ሸፍኖት የነበረውን ሕግ፥ በራሱ ላይ ሲደርስ ገለጠው።

በገበያም እንደዚሁ ነው። ቅቤ ውስጥ ሌላ ነገር ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው፥ «ንግድ እንዲህ ነው፤ ሁሉ ያደርገዋል» ይላል። በዚያው ቀን የገዛው በርበሬ ቀይ አፈር የተቀላቀለበት ሆኖ ቢያገኘው ግን ይቈጣል፥ ሻጩንም «አንተ ሌባ!» ይለዋል። አንባቢ ሆይ፤ ቍጣው በራሱ ላይ የቆመ ምስክር ነው። ሰው በሚያደርገው ነገር ሕጉን ሊክድ ይችላል፤ በሚያማርረው ነገር ግን ሕጉን ያስታውቃል። ስለዚህ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 7 ቍጥር 12 ሰዎች ሊያደርጉልን የምንወደውን እኛም እንድናደርግላቸው ሲያዝ፥ ሩቅ ያለ መጽሐፍ እንድንፈልግ አላዘዘንም፤ ሚዛኑ በእጃችን ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 2 የተጻፈ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕጉን ሥራ በልባቸው እንደ ተጻፈ ያሳያሉ፥ ኅሊናቸውም ይመሰክራል ብሎ አስተምሯል።

በአገራችንም የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ የሚባል መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚናገረው በ17ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው፤ ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የነበረው ጣልያናዊው ካህን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ጻፈው ብለው ይከራከራሉ። የጻፈው ማንም ቢሆን፥ የሰዎችን ሥርዐት ሁሉ እግዚአብሔር በልቡና ባኖረው ብርሃን ሊመረምር ተነሣ። ስለ ሃይማኖት የተናገረውን ሁሉ አንቀበልም፤ ልማድ የሚመዘንበት ሚዛን ከልማድ ውጭ መሆኑን ግን በትክክል አይቷል።

4. «ታዲያ ስለ ምን ሰዎች አይስማሙም?» ለሚል መልስ

ተማሪው እንዲህ ብሎ ይመልሳል፤ «ሕጉ በሁሉ ልብ ከተጻፈ፥ አንዱ አገር መልካም የሚለውን ሌላው አገር ስለ ምን ክፉ ይለዋል?» መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት አንድ ሒሳብ ለ40 ልጆች ቢሰጥና ብዙ ዓይነት መልስ ቢመጣ፥ መምህሩ «እንግዲያስ እውነተኛ መልስ የለም» አይልም። አንዱ ቸኵሏል፥ አንዱ አልተጠነቀቀም፥ አንዱም ከጎረቤቱ ስሕተት ገልብጧል። በጽድቅ ነገር ደግሞ ከዚህ የሚብስ ሌላ ምክንያት አለ። ከሒሳቡ መልስ ማንም ጥቅም አያጣም፤ ከጽድቅ መልስ ግን ጥቅሙን የሚያጣ ሰው ብዙ ነው። ባሪያ የነበረው ጌታ ሰው መሸጥ ክፉ መሆኑን ያላስተዋለው አእምሮ አጥቶ አይደለም፤ ቢያስተውል የሚያጣውን አስቦ ነው። ኅሊና በተደጋጋሚ ኀጢአት ይደነዝዛል፤ ስለዚህ በእግዚአብሔር ቃል ሊታደስና ሊቀና ያስፈልገዋል። ዓይን ለማየት ተፈጠረ፤ ነገር ግን ይታመማል፥ ብርሃንም ይፈልጋል። ዓይን የታመመበት ሰው አለ ተብሎ ግን ፀሐይ የለችም አይባልም።

«ተፈትኖ ያልታየውን አልቀበልም» ለሚለውም እንዲህ ብለህ መልስለት፤ «ይህ የተናገርኸው ቃል ራሱ በየትኛው ቤተ ሙከራ ተፈተነ?» አንድ ነገር በአንድ ጊዜ እውነትም ሐሰትም ሊሆን አይችልም የሚለውን የሚፈትን መሣሪያ የለም፤ ፈተና ሁሉ ግን በእርሱ ላይ ይቆማል። ሳይንስን አንነቅፍም፤ የእግዚአብሔርን ፍጥረት የሚመረምር መልካም አገልጋይ ነው። ነገር ግን አገልጋዩ ከቤቱ መሠረት በላይ ነኝ አይበል።

ደግሞም ልምድ የሚጠቅመንን ይነግረናል እንጂ የሚገባንን አይነግረንም። በጣልያን ወረራ ዘመን በወላይታ ስለ እምነቱ የታሰረውንና የተገረፈውን ዋንዳሮን አስብ። ጅራፍ እንደሚያም ልምድ አስተማረው፤ ከልምድ ሌላ መምህር ባይኖረው ኖሮ፥ «ካድና ዳን» ባለው ነበር። ነገር ግን ሥቃይ እውነትን ሐሰት ሊያደርግ እንደማይችል አውቆ ጸና። ይህን ጅራፍ አላስተማረውም።

5. በልብ ያለው ዕውቀት የማይደርስበት ነገር

አሁን ወደ ታላቁ ነገር ደርሰናል። ሰው ሳይማር የሚያውቀው ይህን ያህል ከሆነ፥ ወንጌል ስለ ምን ያስፈልጋል? መልሱን በራሱ በወላይታ ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን።

የሚሲዮን ሰዎች ወደ ወላይታ ከመምጣታቸው በፊት ሕዝቡ ከሁሉ በላይ የሆነውን ፈጣሪ ጦሳ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ሆኖም መሥዋዕቱን ለመናፍስት ያቀርብ ነበር። በዚያ ዘመን ኢሳ ላሌ የሚባል የጋሞ ሰው ተነሥቶ፥ መናፍስትን ትታችሁ ፈጣሪን ብቻ ለምኑ እያለ በጋሞና በወላይታ ሰበከ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አልተማረም። የክርስቲያኖች ወሬ በዚያ አገር ፈጽሞ ያልተሰማ አልነበረምና፥ ከልቡ ብቻ አወቀ አልልም። ነገር ግን ይህን አስብ፤ አባቶቻቸው ሁሉ ለመናፍስት የሠዉ ሰዎች፥ ዓይናቸው ሌላ ነገር ሳያይ፥ የእርሱን ቃል ሰምተው «ይህስ እውነት ነው» ያሉት በምን ለይተው ነው? በልባቸው የሚመልስ ነገር ነበረና ነው። ጳውሎስ በአቴና ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያ ባየ ጊዜ ያገኘው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻሉም። ፈጣሪ አንድ እንደ ሆነ፥ ክፉም እንዳይወድ ልብ ሊናገር ይችላል። የእግዚአብሔር ልጅ በቤተ ልሔም እንደ ተወለደ፥ በኢየሩሳሌም እንደ ተሰቀለ፥ በሦስተኛውም ቀን እንደ ተነሣ ግን ልብ ከራሱ ሊያወጣው አይችልም። ይህ የተደረገ ነገር ነውና፤ የተደረገ ነገርም በምስክር ይታወቃል እንጂ በማሰብ አይታወቅም። በቤቱ የተቀመጠው ሰው ዝናቡን ማወቅ እንዳልቻለ፥ ይህም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 10 እምነት ከመስማት እንደ ሆነ ያስተምራል።

መስክረውም አወቁት። ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ደረሱ፤ በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አማኞች ተጠመቁ። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ አገሩን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ወደ 50 የሚጠጉ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹን በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው አገኙአቸው። በመካከል የነገራቸው ማን ነው? ፈረንጅ አልነበረም፤ የወላይታ ሰዎች በእግራቸው ከደጅ ወደ ደጅ ሄደው ነገሩአቸው። የፊተኛው ዕውቀት ከሰው ጋር ይወለዳል፤ የኋለኛው ግን በሰው እግር ይሄዳል።

ሌላም ነገር ጨምር። በልብ የተጻፈው ሕግ ያሳያል እንጂ አይፈውስም። መስታወት በፊትህ ያለውን ጥላሸት ያሳይሃል፤ ነገር ግን በመስታወት ፊትህን አትታጠብም። «መልካሙን አውቃለሁ» የሚል ሰው ካላደረገው ዕውቀቱ ይከስሰዋል። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገ አገልጋይ ካላወቀው ይልቅ ይቀጣል። እንግዲህ ሳይማር የሚያውቅ ሰው አዳኝ የማያስፈልገው አይደለም፤ ይልቁንም ማመካኛ ስለሌለው አዳኝ እጅግ ያስፈልገዋል።

6. ለአካሄዳችን የሚገባ ምክር

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ «ማንም አልነገረኝም» የሚለውን ቃል ከአፍህ አርቅ። በጉቦ፥ በሐሰት ምስክርነት፥ በተጭበረበረ ስፍር ነገር መምህር አያስፈልግህም፤ ከማድረግህ በፊት ዙሪያህን መመልከትህ ማወቅህን ያሳያልና።

የአባቶችህን ልማድ ሁሉ አትጣል፤ ብዙ መልካም ነገር አለበትና። ነገር ግን እያንዳንዱን ወደ ሚዛኑ አቅርበህ፥ «ይህ በእኔ ላይ ቢደረግ ጽድቅ እለዋለሁን?» ብለህ ጠይቅ። ሚዛኑን ካለፈ ጠብቀው፤ ካላለፈ አባትህም ቢያደርገው ተወው።

ተማሪ ሆይ፤ ፊደል ያልቈጠረችውን እናትህን አትናቅ። ከአንተ በቍጥርና በቋንቋ ታንስ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ የሆነው ሕግ ግን በእርስዋ ልብ ከአንተ ይልቅ ጠርቶ ተጽፎ ይሆናል። ያን ባሪያ ልጅ አስታውስ። እግዚአብሔር የማስተዋልን ብርሃን ሲሰጥ ወገንና ማዕርግ አልጠየቀም፤ አንተ እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋን በምን ትንቃታለህ? ከእርስዋ የገዛኸው ድስት በቤትህ ሳለ፥ እርስዋ ራስዋ በማዕድህ ልትቀመጥ ይገባታል።

አንተም ወንጌልን የሰማህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፤ ጎረቤታችሁ በልቡ የሚያውቀውን አታስተምሩት፤ እርሱን ጠይቁት፥ ራሱ ይመልሳልና። ሊያውቅ የማይችለውን ግን፥ ማለት ስለ እርሱ የሞተውንና የተነሣውን፥ እናንተ ካልነገራችሁት ከወዴት ይሰማዋል? ነገ ገበያ ስትወጡ ሚዛናችሁ ትክክል ይሁን፤ የሚዛናችሁ ትክክልነት የቃላችሁ መንገድ ጠራጊ ነውና።

ሕጉን በልባችን የጻፈ እግዚአብሔር፥ በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ልባችንን ያድስልን። አሜን።